ግራውንዱን ለመጨረሻ አትተዉት
ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

የምትልኩልንን የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ቦርድ ፋይል ወደ ምርት ከማስገባታችን በፊት ከፍተን እናየዋለን። በጀማሪዎች ዲዛይን ላይ ደጋግመን የምናየው ነገር ስላለ ነው ይህን የጻፍንላችሁ። ትራኮቹ (ሲግናል የሚያስተላልፉት የመዳብ መስመሮች) በጥንቃቄ ይሰመራሉ፤ ግራውንዱ (ከረንት የሚመለስበት የጋራ መዳብ) ግን መጨረሻ ላይ በተረፈው ቦታ ይሞላል። ሶፍትዌሩም ስህተት አያሳይም። ቦርዱ ሥራ ሲጀምር ግን የሴንሰሩ ንባብ ይዋዥቃል፣ ወይም ሞተር በተነሳ ቁጥር ማይክሮኮንትሮለሩ ሪሴት ያደርጋል።

ከአንድ ፒን የወጣ ከረንት የግድ ወደ መነሻው ይመለሳል። ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ከሆነ ሬዚስታንስ ባነሰበት በኩል ይመጣል። ፈጣን ሲግናል ግን ትራኩ ቢጠማዘዝም ከሥሩ እየተከተለ ነው የሚመለሰው። መሄጃና መመለሻው ሲቀራረቡ ኢንዳክታንሱ (የከረንትን ለውጥ የሚቃወመው ባህሪ) ያንሳላ! ከትራኩ ሥር ያለው መዳብ ከተሰነጠቀ ከረንቱ ዞሮ ለመምጣት ይገደዳል። በዚህ መሀል የሚፈጠረው ሰፊ ቀለበት እንደ አንቴና ኖይዝ ይረጫል፣ የውጭውንም ይቀበላል።

"ክሎኬ እኮ 1 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው" የሚሉን አሉ። ወሳኙ ሲግናሉ ከ0 ወደ 1 የሚዘልበት ፍጥነት ነው። ክሎኩ ቢዘገይም የዛሬ ቺፖች በጥቂት ናኖሰከንድ ውስጥ ይዘላሉ።

ስለዚህ በባለ 2 ሌየር (የመዳብ ንብርብር) ቦርድ ኮምፖነንቶቹንና አብዛኛውን ትራክ ከላይ አድርጉ፤ የታችኛውን ለግራውንድ ልቀቁለት። ትራክ በታች ማለፍ ካለበት አጭር ይሁን። ቦርዱን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቅ አንድ ረጅም ትራክ ከብዙ አጫጭር መሻገሪያዎች ይከፋል። ተነጥሎ የቀረ የመዳብ ደሴት ካለ በቪያ (ሌየሮችን በሚያገናኝ በመዳብ የተለበጠ ቀዳዳ) ከግራውንዱ አገናኙት፣ ካልሆነም አጥፉት። ቦታ ከጠበበ 4 ሌየር ይሻላል፤ ሁለተኛው ሌየር ሙሉ ግራውንድ ይሁን። በተለመደው 1.6 ሚሊሜትር ባለ 2 ሌየር ቦርድ ግራውንዱ ከትራኩ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይርቃል፤ በ4 ሌየር ብዙ ጊዜ 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አናሎግና ዲጂታል ግራውንድን ቆርጦ መለየት የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። እኛ ለጀማሪ አንመክረውም። ግራውንዱ አንድ ይሁን፤ ይልቅ ሴንሰሩን በአንድ ወገን፣ ሞተሩንና ፓወር ሰርኪዩቱን በሌላው አስቀምጡ።

ለእያንዳንዱ አይሲ (ቺፕ) የፓወር ፒን 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር እዚያው አጠገቡ ይግባ፤ የግራውንዱ ቪያም ከካፓሲተሩ ፓድ (እግሩ የሚበየድበት መዳብ) ጎን ይሁን። በቀጭን ረጅም ትራክ ከተገናኘ ጥቅሙ ይጠፋል። በእጅ የምትበይዱ ከሆነ ደግሞ ከግራውንድ ጋር የሚገናኙ ፓዶች ላይ ቴርማል ሪሊፍ (ፓዱን ከግራውንዱ ጋር በቀጫጭን የመዳብ ድልድዮች ብቻ ማገናኘት) አትርሱ፤ አለበለዚያ መዳቡ ሙቀቱን እየወሰደ ሊዱ አልይዝ ይላችኋል።

ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ሌላውን ሌየር ሁሉ ደብቁና የግራውንዱን ብቻ ተመልከቱ። የተሰነጠቀበት ቦታ ወዲያው ይታያችኋል። ያጠራጠራችሁ ነገር ካለ ከፋይሉ ጋር ጻፉልን፤ ማምረት ከመጀመራችን በፊት አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዲዛይን ፍተሻ ክፍል