ያልሞላው ሽንት ቤት፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የውሃና የፍሳሽ በጀትን ይመለከታል

ክቡራን የምክር ቤት አባላት፣

የድሬ ሰው «አንቱ» ማለት አይሆንለትም ይባላል፤ እውነት ነው። ደግነቱ እናንተ ብዙ ስለሆናችሁ «እናንተ» ብዬ እገላገላለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በማስተምርበት ዘመን በየዓመቱ የማልተወው አንድ ትምህርት ነበረኝ። ልጆቹን «ነገ ከየቤታችሁ ማንቆርቆሪያ ሆድ ነጩን ቅርፊት ፍቃችሁ አምጡ» እላቸዋለሁ። ባዶ እጁን የመጣ ልጅ አላስታውስም። ሎሚ ጨምቀን ስናንጠባጥብበት ቅርፊቱ ይፍለቀለቅና አረፋ ይደፍቃል፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ኖራ ነው። ውሃችን በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ይመጣል፤ በሀገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም በዚሁ ድንጋይ የተነሳ ነው። ቅርፊቱ በማንቆርቆሪያ ብቻ አይወሰንም። የግቢያችን አሮጌ የብረት ቧንቧ ተቆርጦ ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከቀዳዳው የተረፈው የመጻፊያ እርሳስ የምታሾልክ ያህል ነበር።

ደብዳቤዬ ግን ስለ ኖራው አይደለም። ኖራ ጀበና ያበላሻል እንጂ ሰው አይገድልም። የምጽፍላችሁ በዓይን ስለማይታየው፣ በሎሚም ስለማይፈላው ነገር ነው።

ወንዛችን ደቻቱ ከዓመት እስከ ዓመት አሸዋ ነው፤ ውሃ ሲይዝም ምን እንደሚያደርግ በ1998 ክረምት ከ200 በላይ ሰው ቀብረን አይተናል። ስለዚህ የምንጠጣው ከምድር ሆድ ነው። ከተማዋን ለረጅም ዘመን ካጠጡት ጉድጓዶች መካከል የሳቢያን ሰፈሮቹ ይገኙበታል። ዛሬ ዙሪያቸውን ሰው ሰፍሯል፤ ከሰፋሪዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ግቢ ሽንት ቤት አለው። አብዛኛው ተራ ጉድጓድ ነው፤ ደህና የሚባለው ሴፕቲክ ታንክ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ነው፤ እሱም ቢሆን ሥሩን ሲሚንቶ ያልነካው ሞልቷል። «የእኔ ሽንት ቤት ይኸው ሃያ ዓመቱ፣ አንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም» እያለ የሚኮራ ጎረቤት አለኝ። አልሞላም ማለት እኮ ወደ ታች እየሄደ ነው ማለት ነው።

ወደ ታች ሲሄድ ጠጣሩን አፈሩ ይይዘዋል፤ ጀርሙንም በአብዛኛው ያጣራዋል። በሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ግን በአፈሩ ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት ደግሞ ውሃ በሄደበት ሁሉ የሚሄድ ነገር ነው፤ አሸዋም ድንጋይም አያስቀረውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። በከተማችን ጉድጓዶች ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ውስጥ ይህን ወሰን ያለፈ ናይትሬት ያገኙ አሉ፤ ጣታቸውንም የቀሰሩት በየግቢያችን ወደቆፈርነው ጉድጓድ ነው። ክሎሪን አያጠፋውም። ማፍላት ደግሞ ጭራሽ ያብሰዋል፤ ውሃው ይተናል፣ ናይትሬቱ ይቀራል። አደጋው ከሁሉ በላይ የሚከፋው ስድስት ወር ባልሞላቸው የጡጦ ሕፃናት ላይ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም እያቃተው ከንፈራቸው ይጠቁራል። እንግዲህ አስቡት፤ «ውሃውን አፍልተሽ አጠጪ» የተባለችውና ምክሩን ሳታዛንፍ የምትፈጽመው እናት ናት ልጇን ይበልጥ የምትጎዳው።

እናንተ «ውሃ» እና «ፍሳሽ» ብላችሁ በሁለት መስመር የምታጸድቁት በጀት ከመሬት በታች አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገናኛል። ለአንዱ ሰጥታችሁ ሌላውን «ለከርሞ» ስትሉት ሁለቱንም ለከርሞ አላችሁት።

በየስብሰባው የምሰማው ክርክር ሌላ ነው። አንዱ «አዲስ ጉድጓድ ይቆፈር» ይላል፤ ሌላው «መጀመሪያ የሚያፈሰው መስመር ይጠገን» ይላል፤ ሦስተኛው «ብድር ይፈለግ» ብሎ ይቀመጣል። አዲስ ጉድጓድ አያስፈልግም አልልም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማው ነዋሪ 233 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰፈር እንደተጨመረ እናንተም ታያላችሁ። ኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ በ2014 የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጠናም ውሃ ይጠጣሉ። ነገር ግን አዲሱን ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በመብራት ጎትቶ፣ በሚያፈስ ቧንቧ መላክ በተቀደደ ስልቻ ጤፍ መጫን ነው። አዲስ ጉድጓድ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ የተቀየረ ቧንቧ ግን አፈር ይለብሳል፣ ፎቶም የለው። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሐረር አንድ ነገር ላንሳ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ የቆመው ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ስለከበደው ነው፤ ድሬዳዋ የተወለደችውም በዚያ ዳገት ምክንያት ነው። ዛሬ ያንን ዳገት ውሃ ይወጣዋል። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ለሐረር ከእኛ ቆላ፣ ከሐሰሊሶ፣ በፓምፕ እየተገፋ ውሃ ይሄድላት ጀመር። ሐረሮች ሐይቃቸው ሲከዳቸው ከእግራቸው ሥር ድሬ ነበረችላቸው። የእኛ ጉድጓድ ቢበላሽ ግን ከእኛ ሥር ያለው የሽንሌ በረሃ ነው።

አሁን ደግሞ ውሃ በየሰፈሩ በተራ ስለሚለቀቅበት ፈረቃ ላንሳ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሰው የሚማረረው ስላጣው ብቻ ነው፤ መጥፎው ግን ሲሄድና ሲመለስ የሚሠራው ሥራ ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን ቧንቧው መምጠጥ ይጀምራል፤ ስንጥቅ ካለውና ከጎኑ የሽንት ቤት እርጥበት ካለ የሚጠባው ያንን ነው። ሲመለስ ደግሞ ከፊቱ አየር እየገፋ ይመጣል፤ ያረጀውን መጋጠሚያ ይመታዋል፤ ቆጣሪውንም በነፋስ ያሽከረክረዋል። ቤተሰቡ በበኩሉ ያገኘውን ሁሉ ይሞላል፤ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ አቅም ያለው ሮቶ። የእኔ ግቢ ብቻ አራት በርሜል አለ፤ ሁለቱ ክዳን የላቸውም፣ አልዋሽም።

ትንኟ የምትፈልገው ይህንኑ ነው። በ2006 መስከረምና ጥቅምት የደንጊ ትኩሳት የገባብን፣ በ2011 ክረምት ማለቂያ ላይ መገጣጠሚያ የሚያሳምመው ቺኩንጉንያ ከተማውን በሙሉ እያነከሰ ያስኬደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ያን ጊዜ ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ማየት ብርቅ ነበር፤ ጤነኛውም የታመመውን ደግፎ ስለሚሄድ አብሮ ያነክሳል። የሁለቱም በሽታ አስተላላፊ ቀን ቀን የምትናከስ፣ እንቁላሏን በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ የምትጥል ትንኝ ናት። በ2014 ደግሞ ወባ ዝናብ ሳይጠብቅ በበጋው ተነሳብን፤ ያመጣችብን ከውጭ የገባች፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ እሷም በርሜልና ታንከር የምትወድ ናት። ለኬሚካል ርጭቱ፣ ለመድኃኒቱ፣ ከሥራ ለቀረው ሰው ቀን የወጣው ገንዘብ በጤና በጀት ነው የተመዘገበው። የመጣው ግን ከውሃው ፈረቃ ነበር። ስለ ቧንቧ ጥገና ስትከራከሩ «ውድ ነው» የሚላችሁ ሰው ይህንን ደምሮ እንደሆነ ጠይቁልኝ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ጎረቤቶቼ ይቀየሙኛል፤ ባለቤቴ እንኳ ከኋላዬ ቆማ አንብባ «አብደሃል?» ብላኛለች። ታሪፉ ይጨመር። ውሃ መብት ነው፣ አይጨመር የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ልቤም ወደዚያ ያደላ ነበር። ነገር ግን ቧንቧ ያልደረሰው ድሃ ዛሬም ከጋሪ በጀሪካን እየገዛ ነው፤ ለአንድ ሜትር ኩብ ሲሰላ ከእኔ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። የታሪፉ ዝቅ ማለት የጠቀመው ቆጣሪ ያለኝን እኔን ነው።

ስትጨምሩ ግን የጋራ ቆጣሪውን አትርሱ። ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር ዋጋው ይውጣ የሚለው አሠራር ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። መጋላ ሰፈር ግቡና እዩ፤ አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ ስድስት ሰባት ቤተሰብ። ቆጣሪው እንደ አንድ ሀብታም ይቆጥራቸዋል፤ ገላውን በጣሳ የሚታጠበው ሰው የመዋኛ ገንዳ ባለቤት ዋጋ ይወጣለታል። ከአንድ ቆጣሪ ጀርባ ስንት ቤተሰብ እንዳለ የቀበሌ ሠራተኛ በሁለት ወር ቆጥሮ ይጨርሰዋል፤ ዋጋው ከፍ የሚልበት ወሰንም በቤተሰብ ቁጥር ይባዛ።

የተጨመረው ብር ደግሞ በራሱ ሂሳብ ይቀመጥ። በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር በጀት የማጽደቅ ሥልጣን የእናንተ ነው፤ ስለዚህ ይህ ገንዘብ ለመኪና፣ ለአበልና ለበዓል እንዳይዞር ማሰርም የእናንተ ነው። ከፊሉ ለአሮጌው መስመር፤ ከፊሉ ደግሞ፣ በዚህ አልደራደርም፣ ለሽንት ቤቱ ይዋል። በሳቢያን ጉድጓዶች ዙሪያ ሥሩ ያልተለሰነ ጉድጓድ ከእንግዲህ አይቆፈር፤ ያለው ይለሰን፤ አቅም የሌለው ይደገፍ። የተለሰነ ታንክ እንደ ጎረቤቴ ሃያ ዓመት አይቆይም፣ ቶሎ ይሞላል፤ ስለዚህ መምጠጫ መኪናው በውሃ ቢል ላይ በምትጨመር ትንሽ ወርሃዊ ክፍያ በተራ ይምጣ። እንዲህ ካልሆነ የሚሆነውን እናውቃለን፤ ዝናብ እስኪጥል ጠብቀው ቦያቸውን ወደ ደቻቱ የሚከፍቱ አሉ፤ ማታ ሲሆን ሽታው ይናገራል። መኪናው የመጠጠውን የት እንደሚደፋም ነዋሪው ይወቅ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት በምትቀመጡበት ጉባኤ፣ ውሃ የሚሰጡን ጉድጓዶች የናይትሬት ውጤት በየጉድጓዱ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ከዚያም በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። ቁጥሩን የሚያስረዳ ሰው ካጣችሁ እኔ አለሁ፤ ሎሚውንም ቅርፊቱንም ይዤ እመጣለሁ። ጠዋት ከሆነ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን አይሆንልኝም፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳቢያን ነዋሪ