ስለ ብልጭታ መብራቶቻችን ቀለም ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ ብልጭ ድርግም ሲል ቀለሙ የተለወጠ ስለሚመስል መብራት

ለመንገድ ሥራና ለተሽከርካሪ ከድርጅታችን ከገዛችኋቸው የማስጠንቀቂያ መብራቶች መካከል ቢጫው በሩቅ ሲያዩት ነጭ እንደሚመስል፣ ቀዩ ደግሞ በቅርብ ሲያዩት ወደ ብርቱካናማ እንደሚያደላ የሚገልጽ ቅሬታ በተደጋጋሚ ስለደረሰን፣ መብራቱን ለመመለስ ከመምጣታችሁ በፊት ይህን ማብራሪያ እንድታነቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ዐይን ብርሃንን የሚመዝነው ለጥቂት ጊዜ አጠራቅሞ ስለሆነ፣ ብልጭታው ሲያጥር የሚጠራቀመውም ያንሳል። ሁለቱ ፈረንሳውያን አንድሬ ብሎንደልና ዣን ሬ እ.ኤ.አ. በ1911 ያቀረቡትና ለባሕር መብራቶች ሲያገለግል የኖረው ስሌት እንደሚያሳየው፣ በጨለማ ከሩቅ ገና ለዐይን መታየት በጀመረበት ደረጃ፣ 0.2 ሰከንድ የሚቆይ ብልጭታ ሳይቋረጥ ከሚበራ ተመሳሳይ መብራት ግማሽ ያህል ጉልበት ሲኖረው፣ 0.05 ሰከንድ የሚቆየው አንድ አምስተኛ ብቻ ይኖረዋል። በቅርብና በደማቅ ብርሃን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ0.05 እስከ 0.1 ሰከንድ የሚቆይ ኃይለኛ ብልጭታ ያለማቋረጥ ከሚበራው ይበልጥ ደምቆ ይታያል። ቀይ ብርሃን ደግሞ በጣም ሲደምቅ ለዐይን ወደ ቢጫ ስለሚያደላ፣ ቀዩ መብራት ሱቅ ውስጥ ብርቱካናማ የሚመስላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

የቢጫው ጉዳይ ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል። ቀለም የምንለይባቸው የዐይን ህዋሳት ሦስት ዓይነት ሲሆኑ፣ ለሰማያዊ ብርሃን የሚነቁት ከሌሎቹ በቁጥር እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ትኩር ብለን ስናይ ምስሉ በሚያርፍበት የዐይን ማዕከል ላይ ጭራሽ የሉም፣ ምላሻቸውም የዘገየ ነው። ቢጫን ከነጭ የሚለየው በዋናነት የሰማያዊ ብርሃን አለመኖር በመሆኑ፣ በሩቅ እንደ ነጥብ የሚታይ አጭር ብልጭታ ለእነዚህ ህዋሳት ለፍርድ የሚበቃ ነገር አይሰጣቸውም፤ ስለዚህ ቢጫውና ነጩ ይቀላቀላሉ። ቀይና አረንጓዴ የሚለዩት በተቀሩት ሁለት ዓይነት ህዋሳት ስለሆነ ይህ ችግር እምብዛም አይነካቸውም።

አጭር ብልጭታ የሚመረጠው በአብዛኛው ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ነው፤ በተለይ በሶላር የሚሠሩት ሌሊቱን ሙሉ መቆየት ስላለባቸው ፍላጎቱን እንረዳለን። ሆኖም ቢጫ መሆኑ መታወቅ ላለበት መብራት ከ0.2 ሰከንድ ያላነሰ ብልጭታ እንመክራለን፤ ባትሪው ቶሎ ቢያልቅም እንኳ ቀለሙ የማይለይ ማስጠንቀቂያ ከመስቀል ይሻላል ብለን እናምናለን። የብልጭታውን ርዝመት የሚወስነውን መሣሪያ (የኮንትሮለሩን) ማስተካከያ በጥገና ክፍላችን ያለ ክፍያ እንሠራላችኋለን።

መብራቱ በእርግጥ የተሳሳተ ቀለም እንዳለው ለማረጋገጥ ሳይቋረጥ እንዲበራ አድርጋችሁ፣ ከነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት አስቀምጡትና ግድግዳው ላይ ያረፈውን ብርሃን ተመልከቱ። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ባትልኩልን ደስ ይለናል፤ ካሜራው ደማቅ ብልጭታን ሁሉ ነጭ ስለሚያደርገው ምንም አያስረዳንም። ሳይቋረጥ ሲበራም ቀለሙ ከታዘዘው የተለየ ከሆነ ግን ጥፋቱ የመብራቱ ስለሆነ፣ ከደረሰኙ ጋር ስታመጡት በአዲስ እንቀይራለን።

ከሰላምታ ጋር
የሽያጭና ጥገና ክፍል