የሌሊት ባክአፕ ብቻውን የቀኑን ሥራ አይመልስም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አዳማ ውስጥ ሆቴሉ፣ የመድኃኒት አከፋፋዩ፣ የትራንስፖርት ድርጅቱ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሒሳቡን ከወረቀት ወደ ዳታቤዝ ካዞረ ሰነባብቷል። «ባክአፕ አላችሁ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «አዎ፣ በየሌሊቱ ይያዛል» ነው። መልሱ ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ፣ ማለትም የትራንዛክሽን ሎግ (ዳታቤዙ እያንዳንዱን ለውጥ በተራ የሚመዘግብበት ፋይል) ጉዳይ፣ ሶፍትዌር ሲሸጥም ሲገዛም ስለማይነሳ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ሰርቨር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሙሉ ባክአፕ ይወስዳል እንበል። በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ላይ አንድ ሠራተኛ የአንድ መድኃኒት ዋጋ ሊያስተካክል ትዕዛዝ ሲጽፍ «የትኛው መድኃኒት» የሚለውን ማጣሪያ፣ ዌር የሚባለውን መስመር፣ ዘለለው። ወዲያው የመጋዘኑ ዕቃ ሁሉ አንድ ዋጋ ሆነ። የሌሊቱ ባክአፕ ቢመለስ ዋጋው ይስተካከላል፤ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ የተቆረጠው ደረሰኝ፣ የገባው ዕቃ፣ የተሰበሰበው ዱቤ አብሮ ይሄዳል። ከባክአፑ ወዲህ የተመዘገበ የ15 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሥራ ጠፋ ማለት ነው።

ዳታቤዝ አንድ ለውጥ ሲቀበል በቅድሚያ የሚጽፈው ሎጉ ላይ ነው፤ ዋናው ፋይል በኋላ ይደርሳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዳታቤዙ ራሱን አስተካክሎ የሚነሳው ሎጉን አንብቦ ያለቀውን ሥራ ስለሚደግም፣ ያላለቀውን ደግሞ ስለሚሰርዝ ነው። (አንዳንድ ርካሽ ዲስኮች ሳይጽፉ «ጽፌያለሁ» ስለሚሉ ዩፒኤስ ግዴታ ነው።) ይኸው ሎግ በየጊዜው እየተቀዳ ከተቀመጠ ወደተፈለገው ደቂቃ መመለስ ይቻላል። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የመጨረሻው ቆጠራና ከዚያ ወዲህ የተቆረጡት ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ) በሙሉ ካሉ በየትኛውም ሰዓት መጋዘን ውስጥ የነበረውን ማወቅ ይቻላል። መካከል ላይ አንድ ጥራዝ ከጠፋ ግን ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ አይታመንም። ሎግም እንዲሁ ነው። በየ15 ደቂቃው ከተቀዳ በቀን 96 ፋይል ይሆናል፤ 40ኛው ከጠፋ መመለስ የሚቻለው እስከ 39ኛው ብቻ ነው።

የማይክሮሶፍቱን ዳታቤዝ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርን፣ የምትጠቀሙ የዳታቤዙን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ ኦፕሽንስ ውስጥ ሎጉ እንዴት እንደሚያዝ የሚወስነውን የሪከቨሪ ሞዴል እዩ። «ሲምፕል» ከሆነ ወደ ደቂቃ መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ ሎጉ በየጊዜው ራሱን ያጸዳል። በነፃ የሚገኘው ኤክስፕረስ እትም አዲስ ዳታቤዝ የሚፈጥረው በሲምፕል ነው፤ ኤጀንት የሚባለው ሥራ አስጀማሪም ስለሌለው የሎግ ባክአፑን በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ማስያዝ ያስፈልጋል። «ፉል» ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በፉል ሎጉ የሚጸዳው የሎግ ባክአፕ ሲወሰድ ብቻ ነው፤ ሙሉ ባክአፕ አያጸዳውም። ይህን ባለማወቅ ፉል ላይ አድርገው የሎግ ባክአፕ ያላስያዙ ሰዎች የሎጉ ፋይል (ኤልዲኤፍ) አብጦ አብጦ ዲስኩን ይሞላባቸዋል፤ ሎጉ ሞልቷል የሚለው ስህተት 9002 ይመጣል፣ ሽያጭ ይቆማል። ተጠርቶ የሚመጣው ቴክኒሻን ሞዴሉን ወደ ሲምፕል ይቀይርና ፋይሉን አሳንሶ ይሄዳል። የሎጉ ሰንሰለት የሚበጠሰው ያኔ ነው። በኋላ ወደ ፉል ቢመለስ እንኳ አዲስ ሙሉ ወይም ዲፈረንሺያል (ከሙሉው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ የሚይዝ) ባክአፕ እስኪወሰድ ድረስ የሎግ ባክአፕ መያዝ አይቻልም።

አደጋው ሲደርስ በሥራ ላይ ባለው ዳታቤዝ ላይ ምንም አትመልሱበት። መጀመሪያ ተጨማሪ የሎግ ባክአፕ ይወሰድ፤ ስህተቱ የተፈጸመባት ደቂቃ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ የሌሊቱ ሙሉ ባክአፕ በሌላ ስምና በሌላ ፋይል፣ ገና ሎግ እንዲቀበል በሚያቆየው «ኖሪከቨሪ» በሚለው አማራጭ ይመለሳል። ሎጎቹ በቅደም ተከተል ይከተላሉ፤ የመጨረሻው ላይ «ስቶፕ አት» ተብሎ ሰዓቱ ይሰጣል። አንዴ «ሪከቨሪ» ተብሎ ለሥራ ከተከፈተ በኋላ ዳታቤዙ ሌላ ሎግ አይቀበልም፤ እንደገና ከሙሉው ባክአፕ መጀመር ነው። ለዚህ ነው ከመጨረሻው በፊት «ስታንድባይ» የሚለውን አማራጭ አጥብቄ የምመክረው። ዳታቤዙን ለንባብ ብቻ ስለሚከፍተው ዋጋውን አይቶ ወደፊት መቀጠል ይቻላል፦ 9 ሰዓት ከ10 ላይ ማቆም፣ ማየት፤ 9 ሰዓት ከ15፣ ማየት፤ 9 ሰዓት ከ19፣ ማየት። ወደፊት መሄድ ቀላል ነው፤ ካለፉት በኋላ ግን ወደኋላ መመለስ የለም። ትክክለኛው ዋጋ ሲገኝ የዋጋው ዓምድ ብቻ ወደ ዋናው ዳታቤዝ ይገለበጣል። ከ9 ሰዓት ከ20 በኋላ የተሸጠው ሽያጭም ሳይነካ ይቀራል፤ በተሳሳተው ዋጋ የተቆረጡትን ደረሰኞች ግን አንድ በአንድ ማየት ይጠይቃል።

ሰዓቱን በተመለከተ በእኛ አገር በተለይ መጠንቀቅ ያሻል። ካሸሯ «9 ሰዓት ከ20» ስትል ሰርቨሩ የሚያውቀው 15፡20 ነው። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተሞላ ደግሞ 12፡20 ይሆናል፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነውና። 9፡20 ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው ወደ ጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ይመለሳል። ኤስኪውኤል ሰርቨር የማሽኑን ሰዓት ይከተላል፤ ፖስትግሬስ በተባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ «+03» ብሎ መጻፍ ጥርጣሬውን ያስወግዳል። ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ።

ፖስትግሬስን በተመለከተ በተደጋጋሚ የሚታየው ስህተት አንድ ነው፦ ፋይሎቹን ሳይሆን ይዘቱን ብቻ አውጥቶ በሚጽፈው ፒጂ ደምፕ በተባለው መሣሪያ የተወሰደ ቅጂ ላይ ሎግ መጫን አይቻልም። ሎጉ የሚጫነው ፒጂ ቤዝባክአፕን በመሰለ መሣሪያ ፋይሎቹ እንዳሉ በተቀዱበት ባክአፕ ላይ ብቻ ነው። የሎጉ ፋይል እያንዳንዱ 16 ሜጋባይት ነው፤ በየ15 ደቂቃው እንዲዘጋ ከታዘዘ ሥራ በዝቶ ካልበለጠ በቀን እስከ 1.5 ጊጋባይት ይደርሳል፣ ሲታመቅም በጣም ይቀንሳል። ሎጉን ወደ ሌላ ቦታ የሚቀዳው ትዕዛዝ ሳይቀዳ «ተሳክቷል» የሚል ከሆነ ሰንሰለቱ ሳይታወቅ ይበጠሳል፤ መቅዳት ካልቻለ ደግሞ ሎጉ እየተጠራቀመ የሰርቨሩን ዲስክ ይሞላል። ሁለቱም በየቀኑ መታየት አለባቸው። ከ12ኛው እትም ጀምሮ የመመለሻ ትዕዛዞቹ የሚጻፉት በዋናው ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ነው።

ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ባይናሪ ሎግ ነው። ከ8.0 ጀምሮ ከመነሻው በርቶ ይመጣል፣ ካልተቀየረ 30 ቀን ይቆያል። ዛምፕ የተባለውን የሶፍትዌር ጥቅል ጭኖ የሚሠራ ሁሉ ግን ልብ ይበል፤ በውስጡ ያለው ከማይኤስኪውኤል የወጣው ማሪያዲቢ ነው፤ እዚያ ባይናሪ ሎግ ካላበሩት ጠፍቶ ነው የሚቆየው። ደምፕ ሲወሰድም የሎጉ ስምና ቦታ አብሮ እንዲመዘገብ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ከየት መጀመር እንዳለበት የሚያውቅ የለም።

ባክአፕ አለ ማለት ይመለሳል ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ በይፋ የታወቀ ምሳሌ አለ። በጥር ወር 2017 እ.ኤ.አ. ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ አንድ ባለሙያ በስሕተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ሰረዘ። በየዕለቱ ይወሰዳል የተባለው ደምፕ የመሣሪያው እትም ከዳታቤዙ ጋር ስላልገጠመ ሲከሽፍ ከርሞ ነበር፤ ክሽፈቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም አይደርስም ነበር። ያዳናቸው በሌላ ምክንያት ከ6 ሰዓት ያህል በፊት የተወሰደ ቅጂ ነው። ድርጅቱ ሁሉንም ራሱ ለሕዝብ ይፋ ማድረጉ የሚያስመሰግን ነው።

ስለዚህ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ባክአፑን በሌላ ማሽን ላይ መልሱት። ኤስኪውኤል ሰርቨር «ቬሪፋይ ኦንሊ» የሚለው ፍተሻ ፋይሉ መነበቡን እንጂ ውስጡ ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ይህን የሚያረጋግጠው ባክአፑን መልሶ የዳታቤዙን ጤንነት የሚፈትሸውን ቼክዲቢ የተባለ ትዕዛዝ ማስኬድ ነው። ስንት ደቂቃ እንደፈጀም መዝግቡ፤ ለሥራ አስኪያጁ «መቼ እንከፍታለን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያ ነው።

ማስቀመጫው ላይ አጭር ልበል። የሎጉ ፋይል ከዋናው ፋይል በተለየ ዲስክ ላይ ይሁን፤ ዋናው ዲስክ ቢቃጠል የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ከሎጉ መቅዳት ይቻላል። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይቆለፋል። አንድ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ፤ አዳማ ያለ ድርጅት አዲስ አበባ ቅርንጫፍ ካለው በየምሽቱ ወደዚያ መላክ ይችላል። ዳታቤዙ በምስጢር ቁልፍ የተመሰጠረ ከሆነ ሰርተፊኬቱና የይለፍ ቃሉ ከባክአፑ ተለይተው ይቀመጡ፤ ያለ እነሱ ባክአፑ በሌላ ሰርቨር ላይ አይከፈትም።

ሶፍትዌር የምትገዙ ድርጅቶች ውሉ ላይ ሁለት ቁጥር አስጽፉ፦ ቢበዛ የስንት ደቂቃ መረጃ ሊጠፋ እንደሚችልና በስንት ሰዓት ውስጥ ሥራ እንደሚጀመር። ርክክብ ሲሆን ደግሞ ሻጩን «ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ35 ላይ የነበረውን አሳየን» በሉት፤ ሰዓቱን እናንተ ምረጡ። ሰኔ 30 ሒሳብ ከመዘጋቱ በፊት የሚወሰደው ልዩ ቅጂም «ኮፒ ኦንሊ» በሚለው አማራጭ ይሁን፤ አለዚያ ቀጣዮቹ ዲፈረንሺያል ባክአፖች በእሱ ላይ ይመሠረቱና ቅጂው ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

ከአክብሮት ጋር
የዳታቤዝ ባለሙያ፣ ከአዳማ