ፈንገሱን የገደለው ቅንጣቱ ነው ወይስ የተረፈው ብር?

ለአዘጋጁ፣

የግራዋ ቅጠል ውሃ የሟሟ ብርን ለውጦ በሚሠራው ናኖ ብር (እጅግ ደቃቅ የብር ማዕድን ቅንጣት) የቲማቲም ፈንገስን መከላከል ስለመቻሉ ያወጣችሁት ጽሑፍ ነገሩን ከልክ በላይ አቅልሎታል። የብጥብጡ ቀለም ቡናማ መሆኑ ብቻ ሥራው ተሳካ አያሰኝም።

በጥላ የደረቀ 10 ግራም የግራዋ ዱቄት ከ100 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ጋር በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 20 ደቂቃ ያህል ሞቆ ይጣራል። 1 ሚሊሞላር ጥንካሬ ላለው የሲልቨር ናይትሬት (ብር ያለበት ጨው) ብጥብጥ በሊትር 0.17 ግራም ይበቃል። ከዚህ በ90 ሚሊ ሊትሩ ላይ 10 ሚሊ ሊትር የቅጠል ውሃ ጨምሮ ጨለማ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ብርሃን ራሱ ብሩን ስለሚያጠቁረው የቅጠሉ ሥራ አይለይም። ከዚያ በስፔክትሮፎቶሜትር (ብጥብጡ በየሞገድ ርዝመቱ የሚውጠውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ከ400 እስከ 450 ናኖሜትር መካከል የብርሃን መዋጥ ጫፍ መታየት አለበት። ጫፉ ወደ ረጅሙ ሞገድ ሸሽቶ ከተንጣለለ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ጓጉለዋል።

የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ክሎራይዱ ብሩን ነጭ ዝቃጭ ያደርገዋል። (ሐዋሳ ላይ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ፍሎራይድን ነው፤ እሱ ግን ብርን አያዘቅጥም።)

ትልቁ ችግር ያለው ሙከራው ላይ ነው። ወደ ቅንጣት ያልተለወጠ የብር አዮን (ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ያለው ብር) ብቻውን ፈንገስ ይገድላል፤ ምንም ባይለወጥ በብጥብጡ ውስጥ በሊትር 97 ሚሊ ግራም ያህል ብር ይኖራል። ስለዚህ ቅንጣቱን በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ በሚያዘቅጥ መሣሪያ) ለይቶ በዲስቲልድ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው። የታጠበው ቅንጣት፣ ከላይ የቀረው ፈሳሽ፣ የቅጠሉ ውሃ ብቻውን፣ እኩል ብር ያለው ሲልቨር ናይትሬት፣ እንዲሁም ምንም ያልተጨመረበት አጋር (ፈንገስ የሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ጎን ለጎን ይፈተኑ። ሲልቨር ናይትሬቱ የሌለበት ሙከራ ስለ ናኖ ብር የሚነግረን ነገር የለም። አጋር ላይ ጉድጓድ አበጅቶ የክበቡን ስፋት መለካትም ያሳስታል፤ ቅንጣቱ በአጋር ውስጥ እንደ አዮኑ አይሰራጭም። ወደ 50 ዲግሪ በቀዘቀዘ የድንች አጋር ውስጥ ቀላቅሎ የፈንገሱን ዕድገት በዲያሜትር መለካት ይሻላል።

ጽሑፋችሁ ማሳ ላይ ይረጭ ሲል የሰጠውን ምክር ግን አንቀበለውም። «አረንጓዴ» የተባለው አሠራሩ እንጂ ብሩ አይደለም። ብር አይበሰብስም፣ ለዓሣም መርዝ ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ በጥቁር ውሃ ወንዝ የገባው እዚያው ይከማቻል። የቤተ ሙከራ ቅሪትም ቢሆን በገበታ ጨው አዝቅጦ በጠርሙስ መሰብሰብ እንጂ ማጠቢያ ላይ መድፋት አይገባም።

የዕፅዋት በሽታ ባለሙያዎች፣ ከሐዋሳ