አንድ መጋዝ፣ 31 ልጆች፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይስተካከል። ክበባችን ዛፍ አይጨፈጭፍም። በጥር መጨረሻ መሰላልና መጋዝ ይዘን ቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ ስንታይ የተነሳው ወሬ እስከ ወላጆች ስብሰባ ደርሶ ነበር። እኛ የምንሠራው መግረዝ ነው። የደረቀውን፣ የተሰበረውን፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ዛፉ ሳይጎዳ እናነሳለን። ያንንም ያደረግነው ውርጩ እስኪያልፍ ጠብቀን ነው። በጥቅምትና በኅዳር የተገረዘ ዛፍ ለጋ ቡቃያ ካወጣ የእኛ አገር ውርጭ ያቃጥለዋል።

ለምን ይህን እንደ መረጥን በሩ አጠገብ ያለውን ባሕር ዛፍ ያየ ያውቃል። ከሦስት ዓመት በፊት አናቱን በገጀራ ከስክሰውት ሄዱ። በክረምቱ ከየጉቶው ቡቃያ ተንጋግቶ ወጣ፤ ሁላችንም «አገገመ» ብለን ደስ አለን። ግን እንዲህ ያለ ቡቃያ ከልጣጩ ሥር ነው የሚነሳው፤ እንደ ደህና ቅርንጫፍ ከግንዱ ውስጥ አልተሰካም። ሲከብድ ነፋስ ይገነጥለዋል። አምና አንዱ የክፍል ጣሪያ ላይ ወደቀ። ደግነቱ እሑድ ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ ተሰብስበናል፤ ቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ አለ። ዋናው ትምህርት ግን ዛፉ ሥር ነበር። ቅርንጫፍ ከግንድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እብጥ ያለ ነገር አለ። ልጆቹ «ቀለበት» ብለው ስም አወጡለት። ዛፉ ቁስሉን መዝጋት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ግንዱን ልሙጥ ለማድረግ ብለን ከቆረጥን ቀለበቱ አብሮ ይሄዳል። ረጅም ጉቶ ካስቀረን ደግሞ ጉቶው ይበሰብሳል። ስለዚህ የሚቆረጠው ከቀለበቱ ውጭ፣ ለጥቆ ነው። ከባድ ቅርንጫፍ ሲሆን መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለን ከሥሩ ትንሽ እንገዘግዛለን፤ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብለን ከላይ እንጥለዋለን፤ መጨረሻ ላይ የቀረውን ጉቶ ደግፈን እናነሳለን። አንዴ ከላይ ብቻ ከተጋዘ ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ ይዞ ይገሸልጠዋል። በአንድ ወቅትም ከለምለሙ ቅጠል ከሩብ በላይ አንነካም።

ለቁስሉ የሚቀባ ቀለም የላካችሁልን ወላጆች እግዜር ይስጥልን። አግዳሚ ወንበሮቹን ቀባንበት። ዛፍ ቁስሉን ከውስጥ አጥሮ፣ በላዩ አዲስ እንጨት ያበቅላል እንጂ የቆሰለውን አካል አያድስም። አሜሪካዊው የደን ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ግንድ እየሰነጠቀ ያሳየው ይህንኑ ነው። ቀለምም ጭቃም አይረዳውም።

ስህተትም ነበረብን። በመጀመሪያው ቀን የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጃችን የቤተ መጻሕፍቱን ኮሶ አንድ ቅርንጫፍ ከነቀለበቱ ልሙጥ አድርጋ አነሳችው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አጠገቧ አልነበርኩም። ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ መጋዝ አልጨበጠችም።

በመጋቢት ወፍ ዋሻ ሄድን። አንድ ወላጅ ቅጥቅጡን በነጻ ሰጡን፤ ነዳጁን አዋጥተን ሞላን። ደኑን ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስጠበቀው፣ የመናገሻ ጥድ ዘርም ከዚያ እንደ ሄደ ይነገራል። ከተማችንን ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ያው ንጉሥ ነው ስላቸው ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተደራረቡ። ደኑ ውስጥ ስንዞር ያቺ ልጅ አንድ ትልቅ ጥድ ሥር ቀረች። ከብዙ ዘመን በፊት ቅርንጫፍ ደርቆ የወደቀበት ቦታ ነው። ልጣጩ ዙሪያውን እንደ ከንፈር ገጥሞ፣ መሐሉ ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። ጣቷን አስገብታ ቆማለች።

«ምን አገኘሽ ልጄ?» አሏት አብረውን የነበሩት ሽማግሌ።

«አባባ፣ ይሄ ስንት ዓመት ፈጀበት?»

«እኔ ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ጡጫዬ ይገባበት ነበር» አሉ።

ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ የኛስ ይዘጋል?» እንባዋ መጥቷል። ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ ሊዘጋ ይችላል አልኳት። እኔም ጉሮሮዬ ተናነቀኝ።

አሁን ስለ ገንዘብ ላንሳ። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ግቢያችን ችግኝ ሳይተከልበት ያለፈ ክረምት የለም፤ ጥሩ ነው። ለመትከል ሰውም፣ መኪናም፣ ፎቶ አንሺም ይገኛል። ተክሉ አድጎ መገረዝ ሲፈልግ ግን ማንም የለም። ለ31 ልጆች ያለን መጋዝ አንድ ነው፤ እሱም ከቤቴ ያመጣሁት ነው። መጋዙን ከዛፍ ወደ ዛፍ ስንሄድ የምናጸዳበት አልኮል የተገዛው ከልጆቹ መዋጮ ነው። ሁለት መጋዝ፣ አራት የመግረዣ መቀስ፣ ጓንትና ሄልሜት ብናገኝ በሚቀጥለው ዓመት ከሜዳው ዳር ያሉትን ሁሉ እንጨርሳለን። የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ በእነዚያ ዛፎች ጥላ ሥር ነው ያጠናችሁት።

ልጅቷ ከወፍ ዋሻ ከተመለስን ጀምሮ ዓርብ ዓርብ የኮሶውን ቁስል በማስመሪያ ትለካለች። ደብተሯ ላይ መጋቢት 9 ሳንቲ ሜትር ይላል። በሰኔ ከቀኝ በኩል ሁለት ሚሊ ሜትር ገብቷል። ክረምትም ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እንድትገባ ለጥበቃዎቹ ደብዳቤ ጽፌላታለሁ።