ሲጠሩሽ አቤት በይ

ልጄ፣

ትናንት ማታ አክስትሽ ደወለች። በዚያ ሰዓት ስትደውል አሟት ይሆን ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ለካስ አንቺን ልትከስሽ ኖሯል። «ፍቅር እስከ መቃብርን ለሦስተኛ ጊዜ ጀምራለች፤ ሦስቴ ጠርቻት አንዴም አልመለሰችልኝ» አለችኝ። ስለ ማንበብሽ አልቆጣሽም። በቤታችን መጽሐፍ ይዘሽ ስላመሸሽ የተቆጣሽ ሰው የለም፤ መብራቱን ያጠፋሁብሽን ያን ሌሊት ሳንቆጥር ነው፣ እሱን ታውቂዋለሽ። ነገር ግን ሲጠሩሽ አቤት በይ።

መድገምሽማ ደስ ብሎኛል። «መጨረሻውን እያወቀች ምን ያስደግማታል?» ስትለኝ ተከራክሬልሻለሁ። በመጀመሪያው ንባብ ሰው የሚሮጠው በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይገናኙ ይሆን እያለ ነው። ጉዱ ካሳን ተረጋግቶ የሚሰማው ፍጻሜውን ካወቀ በኋላ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ንግግሩ ሲረዝምብኝ ገጽ እየዘለልኩ አልፌዋለሁ። ባለፈው ዓመት ስደግመው ደግሞ ዓይኔ ያረፈው ፊታውራሪ መሸሻ ላይ ነው፤ ዘር እየቆጠሩ የልጃቸውን ፈላጊዎች ሁሉ ሲመልሱ ዕድሜዋን ያሳለፉባት አባት። በወጣትነቴ እጠላቸው ነበር። አሁን ግን አንድ ሁለት ቦታ ላይ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝና መጽሐፉን ዘጋሁት። ይህን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።

የሩሲያዊውን የቶልስቶይን ልብ ወለድ አና ካሬኒናን በአምስት ቀን ጨረስኩት ማለትሽ ግን አላስደሰተኝም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1875 እስከ 1877 በመጽሔት በየክፍሉ ሲወጣ አንባቢው ቀጣዩን ክፍል በጉጉት ይጠብቅ ነበር፤ የመጨረሻውን ክፍል እንዲያውም አዘጋጁ አላወጣም ብሎ ለብቻው ነው የታተመው። ስምንት ክፍል ነው። በየመካከሉ አንድ ቀን እረፊ። ዓይንሽንም በየ20 ደቂቃው ከገጹ አንሥተሽ ሩቅ ተመልከቺ። መነጽርሽን መጽሐፍ ውስጥ አታስቀምጪ፤ ያኛው የተሰበረው በዚያ ነው። ሲጠሩሽም አቤት በይ።

ይህን ደጋግሜ የምልሽ ለአክስትሽ ብቻ ብዬ አይደለም። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ይኸው አሁን የያዝሽው ፍቅር እስከ መቃብር፣ ሽፋኑ የተገነጠለው፣ በእጄ ነበር። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ጠራችኝ። ደብዳቤ ደርሷታል፤ ማንበብ እንደማትችል ታውቂያለሽ። «ምዕራፉን ልጨርስ» አልኳት። ጨርሼ ሌላ ጀመርኩ። ስወጣ ቤት ውስጥ የለችም፤ ደብዳቤውን ጎረቤት ወስዳ አስነብባ ኖሯል። ተመልሳ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ደብዳቤው ከማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ «አንብብልኝ» ብላኝ አታውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ልብ ወለድ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ይተርከው ጀመር። አንድ ቀን ልጠይቃት ስገባ ጆሮዋን ወደ ሬዲዮኑ አስጠግታ ተቀምጣለች። «እንደምን ዋልሽ» ስላት ጣቷን አንሥታ ዝም አሰኘችኝ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ትረካው ሲያበቃ ቀና ብላ አየችኝና «ይህን ሁሉ ለብቻህ ስታውቀው ኖረሃል?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ ምንም አልመለስኩ ይሆናል።

ልመክርሽ ተነሥቼ ስለ ራሴ አወራሁ። ለማንኛውም፣ በመጽሐፉ መጨረሻ ባዶው ገጽ ላይ በእርሳስ የጻፍኳቸው ሁለት ቀኖች አሉ። ከሥራቸው የአንቺን ሦስቱንም ጻፊ፤ በየንባቡ ከማን ጋር እንደወገንሽም ጨምሪበት። በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይሁን። ጥግ አታጥፊ። አክስትሽ ዓይኗ ደክሟልና ማታ ማታ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ የጉዱ ካሳን ሳትዘልዪ፣ እሷ ከእኔ የተሻለ ትዕግሥት አላት። ከእሷ የተዋስሻቸውንም ሁለት መጻሕፍት ሳትመልሺ እንዳትመጪ።

እሑድ ማታ እደውላለሁ። ስልኩን አንቺው አንሺው።

አባትሽ