«ሪሴት አድርጋችሁ ልቀቁልን» ላላችሁን ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር ሊፍታችሁን እስከ ሦስት ቀን ያቆምንባችሁ አላችሁ። አረጋውያንን በደረጃ ላንገላታንባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔያችን ግን አልተለወጠም፤ ድራይቩ (የሊፍቱን ሞተር የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን) በኢረር፣ ማለትም ብልሽት አሳይቶ፣ የቆመበት ምክንያት ሳይታወቅ ሪሴት አድርገን (ኢረሩን አጥፍተን ብቻ አስነስተን) አንሄድም፤ የድራይቭ ምርመራንም ከወርሃዊው ክፍያ ለይተን እናስከፍላለን።

«ሌላው በአምስት ደቂቃ ያስነሳው ነበር» ተብለናል። ማስነሳቱንማ እኛስ መቼ አቃተን!

ብዙ ቅሬታ የመጣበትን እንንገራችሁ። ባዶው ሊፍት ሲወርድ ደህና ነው፤ ሲወጣ ግን መሃል ላይ በኦቨርቮልቴጅ (ቮልቱ ከልክ አልፎ) ቀጥ ይላል። «መብራቱ ነው» ተባለ። ባዶ ካቢን በገመዱ ሌላ ጫፍ ከተንጠለጠለው ሚዛን ብረት ይቀልላል፤ ስለዚህ ሲወጣ የሚጎትተው ሚዛን ብረቱ ነው፤ ሞተሩም ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ድራይቩ ይመልሳል። በ380 ቮልት መስመር ድራይቩ ውስጥ ያለው ዲሲ 540 ቮልት ገደማ ነው። የተመለሰው ኃይል በብሬክ ሬዚስተሩ (ትርፍ ኃይልን ወደ ሙቀት በሚለውጠው ዕቃ) ላይ ካልተቃጠለ ወደ 800 ይወጣና ድራይቩ ራሱን ያቆማል። ስንከፍተው ሬዚስተሩ ተበጥሶ ወይም የገመዱ ብሎን ላልቶ፣ ጠቁሮ እናገኛለን። ሪሴት የተበጠሰ ሬዚስተር አይቀጥልም።

ሊፍቱ ገና ሲነሳ ድራይቩ ኦቨርከረንት (ከረንቱ ከልክ አልፏል) ካለ ደግሞ መጀመሪያ ፍሬኑን እናያለን። ፍሬኑ ሳይለቅ ሞተሩ እየታገለ ሊሆን ስለሚችል ፍሬኑን የሚያስለቅቀውን ኮይል ቮልት፣ ልቀቅ የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ ለክተን ከስም ሰሌዳው ጋር እናስተያያለን። ቀጥሎ የኮንታክተሩ (ኃይሉን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ጥርሶችና የኢንኮደሩ (የሞተሩን ዙር የሚያነበው ዕቃ) ማያያዣ ይታያሉ። ሞተሩና ኬብሉ በመጨረሻ በ500 ቮልት ሜገር (የኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋናቸው መጎዳቱን በሚለካው መሣሪያ) ይለካሉ፤ ሦስቱ የሞተር ገመዶች ከድራይቩ ሳይፈቱ ግን በፍጹም፤ ሜገሩ ራሱ ድራይቩን ይገድለዋል። ከ5 ሜጋኦም በታች ካነበበ መልሰን አናገናኝም።

«ቴክኒሻናችሁ ቆሞ ስልክ ሲነካካ ነበር» ያላችሁን ደንበኛ፣ ልጁ መብራቱን አጥፍቶ በድራይቩ ውስጥ ኃይል አጠራቅመው የሚይዙት ካፓሲተሮች እስኪራገፉ ሲጠብቅ ነበር። ቢያንስ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚያም በቴስተር ዲሲው መውረዱ ሳይረጋገጥ እጅ አይገባም። (ስልኩን ግን ባይነካካ ይሻል ነበር፤ ነግረነዋል።)

ሦስት ቀን የፈጀው ምርመራው ሳይሆን ዕቃው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ፓወር ሞጁል (ድራይቩ ውስጥ ለሞተሩ ኃይል የሚያወጣውን ክፍል) ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማቆየት ከአቅማችን በላይ ሆኗል። እንዲያም ሆኖ ወርሃዊውን የጥገና ክፍያ አልጨመርንም። ይህ ድርጅት ሲጀመር በአንድ ሣጥን መሣሪያ ነበር፤ ያኔ ያመናችሁን ዛሬም አብራችሁን ስላላችሁ ነው ይህን ያህል የምንዘረዝረው። ቅር ያላችሁም ብትሆኑ ሌላ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደውሉልን፤ ያወጣነውን ዕቃና የለካነውን ቁጥር እናሳያችኋለን።

ሊፍቱ ሲቆም ጥበቃው ብሬከሩን ደጋግሞ አያጥፋ፣ አያብራ፤ ድራይቩን ቀስ አድርጎ የሚሞላው ሬዚስተር በዚያ ይቃጠላል። ይልቅ በስክሪኑ ላይ ያለውን ኮድ ፎቶ አንሱልን፤ ሲወጣ ነው ሲወርድ፣ ባዶ ነው ሰው ጭኖ፣ በመብራት ነው በጄኔሬተር የሚለውንም ጻፉልን። ግማሹን ሥራ አገዛችሁን ማለት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት